በበጋ የሚሰፋ፣ በክረምት የሚጠብ የግድግዳ ስንጥቅ

ጥያቄ፦ በቢሾፍቱ ከተማ ዳርቻ፣ ቀድሞ የጤፍ ማሳ በነበረ ጥቁር አፈር ላይ ቪላ ቤት ካሠራሁ ጥቂት ዓመታት ሆነኝ። መሠረቱ የወጣው በጥር ወር ነበር። ከመጀመሪያው ክረምት ጀምሮ ከመስኮቶቹ ማዕዘን የሚነሱ ሰያፍ ስንጥቆች ታዩ፤ በበጋ ይሰፋሉ፣ በክረምት ይጠባሉ፣ የሳሎኑ በርም ዝናብ ሲበዛ አልዘጋ ይላል። ግንበኛው በሲሚንቶ ቢደፍነውም ተመልሶ ተሰነጠቀ። ጥፋቱ የሲሚንቶ ማነስ ነው ወይስ የመሬቱ? መፍትሔስ ይኖረዋል?

ምላሽ፦ ስንጥቁ ወቅት ጠብቆ የሚከፈትና የሚዘጋ መሆኑ ጥፋቱን ከመሬቱ እንድንፈልግ ያስገድደናል፤ በሲሚንቶ ማነስ የመጣ ስንጥቅ ዝናብና ፀሐይ እየተከተለ እንዲህ አይለዋወጥምና።

በአድአ፣ በበቾና በፎገራ ሜዳዎች፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ በቦሌና በቃሊቲ አካባቢ የሚገኘው ጥቁር አፈር፣ ገበሬው መረሬ፣ በአንዳንድ ቦታም ዋልካ የሚለው፣ በአብዛኛው ውሃ በማይወርድበት ሜዳማ ቦታ ላይ ከባዛልት ድንጋይ መበስበስ የተገኘ ነው። በውስጡ የሚበዛው ስሜክታይት የተባለ የሸክላ ማዕድን እጅግ ስስ የሆኑ ንጣፎች እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርበው የተሠራ ሲሆን፣ ንጣፎቹን የሚያያይዛቸው ኃይል ደካማ በመሆኑ ውሃ በመካከላቸው ሰርጎ ያራርቃቸዋል፤ ውሃው ሲወጣ ደግሞ መልሰው ይጠጋጋሉ። የአንድ ግራም ስሜክታይት የንጣፎች ገጽ ቢደመር እስከ 800 ካሬ ሜትር ይደርሳል። በተዳፋት ቦታ በሚገኘው ቀይ አፈር ውስጥ የሚበዛው ካኦሊናይት ግን ንጣፎቹ ጠብቀው የተያያዙ ስለሆኑ ውሃ በመካከላቸው አይገባም፤ በዚህም ምክንያት ቀይ አፈር ላይ የተሠራ ቤት እንዲህ ያለ ችግር እምብዛም አይገጥመውም።

አፈሩ ሲያብጥ በካሬ ሜትር ከ20 ቶን የሚበልጥ ግፊት ሊፈጥር ይችላል። ቪላ ቤት በመሠረቱ ላይ የሚያሳርፈው ጭነት ከዚህ በእጅጉ ሊያንስ ስለሚችል፣ ከትልልቅ ሕንፃዎች ይልቅ ቀላል ቤት፣ የግቢ አጥርና የእግረኛ መንገድ ቀድመው ይጎዳሉ። አፈሩ በሁሉም ቦታ እኩል ቢያብጥና እኩል ቢወርድ ኖሮ ቤቱ አብሮ ከፍና ዝቅ ይል እንጂ ባልተሰነጠቀ ነበር። ነገር ግን ከቤቱ መሐል በታች ያለው አፈር በወለሉ ስለሚሸፈን እርጥበቱ ብዙም አይለወጥም፤ ዳር ዳሩ ግን በክረምት ይርሳል፣ ከጥቅምት በኋላ ይደርቃል። በበጋ ስንጥቁ ከታች ይልቅ ከላይ የሚሰፋ ከሆነ የቤቱ ማዕዘን ወደ ታች መውረዱን ያመለክታል። መሠረቱ በጥር መውጣቱም ነገሩን አባብሶታል፤ አፈሩ ደርቆ በተኮማተረበት ጊዜ ላዩ ላይ የተሠራ ቤት በመጀመሪያው ክረምት ወደ ላይ መገፋቱ አይቀርም።

እንግዲህ ቤቱን የሚጎዳው የውሃው ብዛት ሳይሆን የእርጥበቱ መለዋወጥ ስለሆነ፣ ሥራው ሁሉ እርጥበቱን ባለበት ማቆየት ነው። የጣሪያውን ውሃ በአሸንዳ ሰብስበው ከመሠረቱ አርቀው ያፍስሱ። በቤቱ ዙሪያ ቢያንስ 1 ሜትር ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ የኮንክሪት ንጣፍ ያሠሩ፤ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት መስመር ውሃ እንዳያስገባ በደንብ ይደፈን። የሚያፈስ የውሃ ቱቦ ወይም የፍሳሽ ጉድጓድ ካለ ሳይዘገይ ይጠገን፤ አንድ ቦታን ብቻ ዓመቱን ሙሉ የሚያርስ ውሃ ከክረምቱ ዝናብ የባሰ ጉዳት ያደርሳልና። የአትክልት መደብም ከግድግዳው ሥር አይሁን። ባሕር ዛፍ መትከል ካለብዎ ሲያድግ የሚደርስበትን ቁመት ያህል ከቤቱ ያርቁት። አስቀድሞ በቅርብ የበቀለ ትልቅ ዛፍ ካለ ግን በአንድ ጊዜ አይቁረጡት፤ ሥሩ አድርቆት የቆየው አፈር እንደገና እርጥበት ሲያገኝ ያብጣልና አስቀድሞ ባለሙያ ማማከር ይገባል።

ገና ለመገንባት ያሰቡ አንባቢዎች ከሁሉ አስቀድሞ አፈሩን ማስመርመር አለባቸው። ጥቁሩ አፈር ስስ ከሆነ ጨርሶ ጠርጎ በገረጋንቲ መተካት የተለመደና ጥሩ ዘዴ ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ውሃ በቀላሉ የሚያሳልፍ ገረጋንቲ መውጫ በሌለው የጥቁር አፈር ጉድጓድ ውስጥ ሲሞላ የዝናቡን ውሃ በመሠረቱ ሥር ማጠራቀሙ ነው፤ ስለዚህ በየንብርብሩ ተጠቅጥቆ የውሃ መውረጃ ሊበጅለት ይገባል። አፈሩ ጥልቅ ከሆነ መሠረቱን እርጥበቱ ከማይለዋወጥበት ጥልቀት ማድረስ ያስፈልጋል።

የእርስዎን ስንጥቅ በተመለከተ ለጊዜው አይድፈኑት። የጫፎቹን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርገው ቀኑን ይጻፉበት፤ ስፋቱንም በየወሩ ይለኩ። ውሃውን ካስተካከሉ በኋላ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ሳይለወጥ ካለፈ ያን ጊዜ ይደፈን፤ መስፋቱን ከቀጠለ ግን መሠረቱን የሚያጠናክር መሐንዲስ መጥራት ግድ ነው።