መልስ፦ ሙስሊም ሆነን ልጃችንን ካቶሊክ ትምህርት ቤት እናስገባ?

ማስገባት ትችያለሽ፤ ሙስሊም መሆናችሁ አብዛኛውን ጊዜ ምዝገባውን አይከለክልም። እንዲያውም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ትምህርት ባወጣችው መግለጫ፣ ካቶሊክ ያልሆኑ ልጆች የሚማሩባቸውን ትምህርት ቤቶቿን በበጎ እንደምታይ ጽፋለች። «ጸሎት ያስገድዷት ይሆን?» ላልሽው ግን አንድ መልስ የለም፤ እንደ ትምህርት ቤቱ ነው። ሳትከፍዪ እነዚህን ጠይቂ፦

1. ቅዳሴ ግዴታ ነው? «መገኘት ብቻ» ካሉሽ አትለፊው። ቁጭ ብሎ ማየት ነው ወይስ አብሮ መዘመርና ማማተብም አለበት?

2. የሃይማኖት ትምህርቱ ማርክ አለው? ደረጃ ውስጥስ ይገባል?

3. ፈተና ዒድ ላይ ቢውል ምን ያደርጋሉ?

ርዕሰ መምህሩ በቃል «አታስቢ» ቢሉሽ እሳቸው ነገ ሊቀየሩ ይችላሉ። የተማሪዎች መመሪያውን ተቀብለሽ ራስሽ አንብቢው። የሂጃብ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ስለ ዩኒፎርም በሚያወራው ክፍል ውስጥ ነው ያለው፣ ሰው ደግሞ እሱን ገጽ ዘሎት ያልፋል።

ከልምድ አንድ ነገር ልጨምር። ልጆቹን ከጸሎቱ ይልቅ የሚከብዳቸው ጓደኞቻቸው ተሰልፈው ወደ ቅዳሴ ሲሄዱ ብቻቸውን ክፍል ውስጥ መቅረቱ ነው። በዚያ ሰዓት የት እንደምትቆይ፣ ማን አብሯት እንደሚሆን፣ ምን እየሠራች እንደምትጠብቅ አስቀድመሽ እወቂ።