የሙያ ምክር፦ «ሶፊያ ሎሬን በ15 ዓመቷ ከጀመረች እኔ በ21 ዓመቴ ምን እጠብቃለሁ?»

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከአራት ዓመት በፊት እናትሽ ዘንድ ወደ ሮም እንደመጣሽ፣ እናትሽ አረጋውያንን በመንከባከብ እንደምትተዳደር፣ አንቺም የነርሲንግ ትምህርት ሁለተኛ ዓመት ላይ እንደደረስሽ፣ ልብሽ ግን ከልጅነትሽ ጀምሮ ወደ ትወና ያደላ እንደሆነ ጽፈሻል። የተዋንያን ወኪል ነኝ ያለ አንድ ድርጅት ለፎቶ አልበም 600 ዩሮ እንደጠየቀሽና ፍንጭትሽን በጥርስ ሐኪም እንድታስዘጊ እንደመከረሽም ነግረሽኛል። በመጨረሻም ኢጣሊያዊቷን የፊልም ተዋናይት ሶፊያ ሎሬንን ጠቅሰሽ፣ እሷ በቁንጅና ውድድር ተነሥታ ዓለምን ካስደነቀች አንቺ ትምህርቱን ትተሽ ብትሞክሪ ምን ችግር አለው ብለሽ ጠይቀሻል።

የጠቀስሽው ታሪክ እውነት ነው፤ ነገር ግን የያዝሽው ጫፍና ጫፉን ነው። ለአንቺ የሚበጀው ከ1950 እስከ 1960 ያለው ዐሥር ዓመት ስለሆነ (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ምላሼም እዚያ ላይ ይቆያል።

ሶፊያ በ1934 ሮም ተወልዳ ያደገችው ናፖሊ አጠገብ ባለችው የፖዙዎሊ የወደብ ከተማ፣ በአያቶቿ ቤት ነው። አባቷ እናቷን ሮሚልዳ ቪላኒን አላገባትም። በጦርነቱ ዘመን ከተማዋ በቦምብ ስትደበደብ ፍንጣሪ አገጯን አቁስሏታል፤ ረሃቡንም ጠግባ ቀምሳዋለች። ናፖሊ ውስጥ ለመጀመሪያው የቁንጅና ውድድር ስትቀርብ የለበሰችው ቀሚስ አያቷ ከሳሎን መጋረጃ የሰፉላት ሲሆን፣ ጥቁር ጫማዋም ነጭ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ያገኘችው ሽልማት 23,000 ሊሬ፣ የግድግዳ ወረቀትና ወደ ሮም የሚወስድ የባቡር ቲኬት ነው። በ1950 በሚስ ኢጣሊያ ውድድርም አንደኛ አልወጣችም፤ «ሚስ ኤሌጋንስ» የሚል ማዕረግ ተሰጥቷት ተመለሰች። በቁንጅና ተነሣች የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው።

ሮም ከገባች በኋላ ከእናቷ ጋር ቺኔቺታ በተባለው የፊልም ስቱዲዮ በር ላይ ተሰልፋ፣ «ኩዎ ቫዲስ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ላይ ከሺህ አጃቢዎች አንዷ ሆነች። እናቷ በእንግሊዝኛ ለምትጠየቂው ሁሉ «አዎ» በዪ ብላ መክራት ስለነበር ዳይሬክተሩ ስሟን ሲጠይቃትም «አዎ» ብላ መመለሷን ራሷ እየሳቀች ተርካዋለች። ቀጥሎ በፎቶ የሚተረኩ የፍቅር ታሪኮችን ለሚያወጡ መጽሔቶች ሶፊያ ላዛሮ በሚል ስም ትሠራ ጀመር። ሥራው ከፊልም ጥበብ ጋር ሲነጻጸር ተራ ነው፤ ሆኖም ፊትን ለካሜራ አዝዞ አንድን ስሜት በአንድ ፎቶ ውስጥ መያዝን ያስተምራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ትንሽም ቢሆን ይከፈልበታል፤ ቤተሰቡም የሚበላው ከዚያው ነበር።

ስለ 600 ዩሮው የምመልስልሽ ከዚህ ተነሥቼ ነው። ደንበኛ ወኪል የሚኖረው ተዋናዩ ሠርቶ ከሚያገኘው ክፍያ በሚደርሰው ድርሻ ነው፤ ስለዚህ ሥራ ሳያገኝልሽ ገንዘብ የሚጠይቅሽ ሰው ደንበኛው ያደረገው አንቺን ራስሽን ነውና አትክፈዪ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስፈልግሽ ሜካፕ ሳትቀቢ በመስኮት ብርሃን የተነሣሽው ጥርት ያለ የፊት ፎቶ፣ አንድ ሙሉ ቁመት የሚያሳይ ፎቶና እየተናገርሽ የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ነው። ይህን ጓደኛሽ በስልኳ ታነሣልሻለች።

ስለ ፍንጭትሽም እንዲሁ ነው። የካሜራ ባለሙያዎች የሶፊያ አፍንጫ ረጅም፣ አፏም ሰፊ ነው ብለው አጉረምርመው ነበር፤ በኋላ ባሏ የሆነው ፕሮዲውሰሩ ካርሎ ፖንቲም አፍንጫዋን እንድታስተካክል ሐሳብ ቢያቀርብላት እምቢ አለች። በአገራችን ዘፈን የሚወጣለትን ፍንጭት ከፍለሽ ልታስደፍኚው ነው? ጥርስሽ ካመመሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ካላመመሽ ተዪው።

ኢጣሊያ ውስጥ ለጥቁር ሴት ልጅ የሚሰጠው ሚና ውስን አይደለም ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ውስን ነው። የሶፊያ የመጀመሪያ ትልቅ ሚና ምን እንደነበር ብታውቂ ትገረሚያለሽ፦ በ1953 በተሠራው የ«አይዳ» ኦፔራ ፊልም ላይ ቆዳዋን ጥቁር ቡናማ ተቀብታ ኢትዮጵያዊቷን ልዕልት ሆና ተጫወተች፤ የምንሰማው የዘፈን ድምፅ ደግሞ የኦፔራ ዘፋኟ የሬናታ ቴባልዲ ነው። ያኔ ኢትዮጵያዊት ትፈለግ የነበረው እንዲህ ነው። ዛሬ ቢያንስ ቀለሙ ቀርቷል። መጀመሪያ የሚቀርብልሽ ሚና ግን የቤት ሠራተኛ ወይም የሆስፒታል ነርስ ሊሆን ስለሚችል ከወዲሁ አስቢበት (ነርሷን ከተጫወትሽ ቢያንስ መርፌ አያያዙን ማንም አያርምሽም)።

አነጋገሬ ያሳፍረኛል ብለሻልና በ1954 የወጣውን «የናፖሊ ወርቅ» የተባለውን የዳይሬክተር ቪቶሪዮ ዴ ሲካ ፊልም ፈልገሽ እዪ። ሶፊያ ከባሏ ጋር በዱቤ ፒዛ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ቀለበቷን ውሽማዋ ዘንድ ረስታው ስትመጣ ባሏ ከሊጡ ጋር ተቦክቶ የተሸጠ መስሎት የደንበኞቹን ቤት እየዞረ ያስሳል። እዚያ የምታያት ሴት ያደገችበትን ሰፈር አካሄድ የምትሄድ፣ የሰፈሩን ሴቶች ሳቅ የምትስቅ ናት፤ ስሟን ያቆመላትም ያ ነው። ጣልያንኛሽን በትጋት አጥኚ፤ ሶፊያም ሆሊውድ ስትሄድ እንግሊዝኛ ቁጭ ብላ ተምራለች። የራስሽን ቃና ግን አታጥፊው።

ከሁሉ የበለጠ እንድታስቢበት የምፈልገው በ1960 የሆነውን ነው። ዴ ሲካ የደራሲው አልቤርቶ ሞራቪያን «ላ ቾቻራ» የተባለ ልብ ወለድ ወደ ፊልም ሲያመጣ፣ የታሰበው ታዋቂዋ ተዋናይት አና ማኛኒ እናትየዋን፣ ሶፊያ ልጅየዋን እንዲጫወቱ ነበር። ማኛኒ አልፈልግም በማለቷ ሶፊያ ገና 25 ዓመቷ ሳለ የአሥራዎቹ ዕድሜ ውስጥ የገባች ልጅ እናት ሆና ቀረበች። በፊልሙ እናትና ልጅ ከጦርነት ሲሸሹ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በወታደሮች ይደፈራሉ፤ ከዚያ በኋላ እናትየዋ መንገድ ላይ ወጥታ በሚያልፈው ወታደራዊ መኪና ላይ ድንጋይ ወርውራ፣ አቧራው ላይ ተንበርክካ ታለቅሳለች። ያን ልቅሶ ትምህርት ቤት አላስተማራትም፤ በፖዙዎሊ ምሽጎች ውስጥ እናቷን ያየች ልጅ ናት። በ1961 በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ፣ በ1962 ደግሞ በኦስካር በምርጥ ተዋናይትነት ተሸለመች፤ ከእንግሊዝኛ ውጭ በሆነ ፊልም በትወና ኦስካር የተሰጠው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እሷም ሥነ ሥርዓቱ ላይ አልተገኘችም፤ ዜናው ሮም ቤቷ ድረስ በስልክ መጣላት።

ዕድሜሽን በተመለከተ፣ ያቺው አና ማኛኒ ዓለም ያወቃት «ሮም፣ ክፍት ከተማ» በወጣበት በ1945 ነው፤ 37 ዓመቷ ነበር። ስለዚህ 21 ዓመት ረፈደ የሚባልበት ዕድሜ አይደለም።

እኔ ብሆን የማደርገውን እነግርሻለሁ። ነርሲንግ የሦስት ዓመት ትምህርት ነው፤ አንቺም አጋምሰሽዋል። የሆስፒታል ልምምዱ መገኘትን ግዴታ ስለሚያደርግ እስክትመረቂ ድረስ የቀን ቀረጻ ሊኖርሽ አይችልም። ምሽትና ቅዳሜን ግን ማንም አይወስድብሽም፤ በሰፈርሽ በሚገኝ ቴአትር ቤት ወይም ማኅበር የምሽት ትወና ትምህርት ጀምሪ። ሶፊያም የተመዘገበችበት ቼንትሮ ስፔሪሜንታሌ የተባለው የመንግሥት የፊልም ትምህርት ቤት በቱስኮላና ጎዳና ላይ ከቺኔቺታ ብዙ ሳይርቅ ይገኛል። የትወና ክፍሉ ተማሪ የሚቀበለው በውድድር ሲሆን፣ ማስታወቂያው ሲወጣ የዕድሜ ገደቡን አስቀድመሽ አንብቢ። ዳይሬክቲንግ የሚማሩት ተማሪዎች ለአጫጭር ፊልሞቻቸው አዲስ ፊት ስለሚፈልጉ፣ ገና ተማሪ ሳትሆኚም ፎቶሽን ልትልኪላቸው ትችያለሽ። ከተመረቅሽ በኋላ በሆስፒታል የሌሊት ተራ የሚሠራ ሰው ቀኑን ለኦዲሽን ሊያውለው ይችላል፤ ኪራይ ይከፍላል፣ የማይፈልገውን ሚናም እምቢ ለማለት አቅም ያገኛል።

ለእናትሽ እስካሁን እንዳልነገርሽ ጽፈሻል። ንገሪያት። የሶፊያ እናት ሮሚልዳ ራሷ የሆሊውድ ተዋናይቷን የግሬታ ጋርቦን መሳይ ውድድር አሸንፋ ወላጆቿ አሜሪካ እንዳትሄድ የከለከሏት ሴት ነበረች፤ ከልጇ ጋር ቺኔቺታ ድረስ የሄደችውም ይህ ቁጭት በልቧ ቀርቶ ይመስለኛል። የእናትሽን ልብ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ነርሲንጉን እንደማትተዪው አስቀድመሽ ከነገርሻት ግን የቀረውን በጸጥታ ታዳምጥሻለች ብዬ እገምታለሁ።

ድርጅቱ የሰጠሽን ውል ምንም ሳትፈርሚ ሁሉንም ገጽ በፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ የቀጣዩን ሴሚስተር የልምምድ ፕሮግራምሽንም አያይዢ፤ የምሽት ትምህርቱን የትኞቹ ቀናት ላይ እንደምታደርጊው አብረን እናያለን።