የቨርጂኒያ ዌቨር፦ ወረፋው ለምን አይንቀሳቀስም?

ጥያቄ (እናት፣ ፌርፋክስ ካውንቲ)፦ ልጄ 9 ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት፣ አይናገርም። ሲኤስቢ (የአካባቢው የአእምሮ ጤናና የዕድገት እክል አገልግሎት ቢሮ) ሄጄ ለዌቨር (ልጁ ቤቱ ሆኖ እንዲረዳ ሜዲኬይድ፣ ማለትም የመንግሥት የጤና መድን፣ የሚከፍልበት ፕሮግራም) ያስመዘገብኩት ገና በ4 ዓመቱ ነው። ከእኛ ብዙ ቆይቶ የተመዘገበ ልጅ አምና ቦታ አገኘ። ተራችንን ዘለሉን ማለት ነው?

መልስ፦ አልዘለሏችሁም። ቨርጂኒያ ውስጥ ቦታ የሚሰጠው በችግሩ አጣዳፊነት ነው፤ ቀድሞ መመዝገብ ብቻውን አያስቀድምም። ተመዝጋቢዎች በ3 ደረጃ ይከፈላሉ። ፕራዮሪቲ 1 በአንድ ዓመት ውስጥ አገልግሎት የግድ የሚያስፈልጋቸው ናቸው፤ 2 ከ1 እስከ 5 ዓመት መቆየት የሚችሉ፤ 3 ደግሞ አሁን ያላቸው ድጋፍ ከ5 ዓመት በላይ ያቆያቸዋል የተባሉ። ክልሉ በ2024 ባጸደቀው የሁለት ዓመት በጀት የፈቀዳቸው 3,440 አዳዲስ ቦታዎች የታሰቡት ፕራዮሪቲ 1 ላይ ላሉት ነው። ስለዚህ 3ኛ ደረጃ ላይ የተቀመጠ ልጅ 10 ዓመት ቢጠብቅም ስሙ ላይነሳ ይችላል። መጀመሪያ ደውለው «ልጄ ስንተኛ ፕራዮሪቲ ላይ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ይህን የማያውቁ ወላጆች ቁጥር ያስገርማል።

ወደ 1ኛ ደረጃ የሚያስገቡት ምክንያቶች ጥቂት ናቸው። ያለ ክፍያ የሚንከባከበው ዋናው ሰው ሥር የሰደደ ሕመም ይዞት መንከባከቡ ሲያቅተውና ሌላ ተተኪ ሲጠፋ፤ የልጁ ጠባይ ራሱን ወይም የቤቱን ሰው አደጋ ላይ ሲጥል፣ ወይም የአካልና የሕክምና እንክብካቤው ከቤተሰቡ አቅም በላይ ሲሆን፤ ተቋም ውስጥ ያለ ሰው ለመውጣት ዕቅድ ሲኖረው፤ የትምህርት ቤት አገልግሎት ያበቃለት ወጣት ራሱን ችሎ መኖር ሲፈልግ። ከእነዚህ ውስጥ ማን እንደሚቀድም የሚለየው ከአካባቢው በተውጣጡ በጎ ፈቃደኞች የተቋቋመ ኮሚቴ ነው። ኮሚቴው ልጁን አያየውም፤ የሚያየው የተጻፈውን ነው።

የእኛ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ልጁ ለዌቨር ብቁ መሆኑን የሚለካው ቪደስ የተባለው መጠይቅ ሲሞላ ሠራተኛዋ «ራሱ ይለብሳል?» ትላለች። እናት «ተመስገን፣ ይለብሳል» ትላለች። ልብሱን የመረጠችው፣ እጅጌውን የያዘችው፣ ቁልፉን የቆለፈችው እሷ ናት። ለመልሱ መለኪያው ማንም ሳይረዳውና ሳያስታውሰው በየቀኑ ያደርገዋል ወይ የሚለው ነው። ይህ ልጅን ማማት አይደለም። ከቀጠሮው በፊት ለ2 ሳምንት ማስታወሻ ይያዙ፦ ሌሊት ስንት ሰዓት ተኛ፣ ስንት ጊዜ በር ከፍቶ ወጣ፣ ማንን ነከሰ፣ ለማጠብ ስንት ሰው አስፈለገ። የአባት ወገብ ከታመመም የሐኪሙ ደብዳቤ የበሽታውን ስም ብቻ ቢጠቅስ አይበቃም፤ ልጁን ማንሳትና መያዝ እንደማይችል በግልጽ ይጻፍ። በቤቱ አንድ ነገር በተለወጠ ቁጥር ደረጃው እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል፤ የዓመቱን ደብዳቤ መጠበቅ አያስፈልግም።

ጥያቄ (አባት፣ አሌክሳንድሪያ)፦ ደብዳቤ ብለዋል፤ እኛ ቤት ከቀየርን ወዲህ ምንም አልደረሰንም።

መልስ፦ ዛሬውኑ ይደውሉ። ሲኤስቢ በየዓመቱ አሁንም አገልግሎቱን ትፈልጋላችሁ ወይ ብሎ ቅጽ ይልካል። መልስ ካጣ ስሙ ሊሰረዝ ይችላል። ከተሰረዘ በማስታወቂያው ላይ ይግባኝ የሚባልበት ጊዜ ተጽፏል፤ 30 ቀን ነው። ወደ ሌላ ካውንቲ ከሄዱ ዝርዝሩ የመላው ቨርጂኒያ ስለሆነ መዝገቡ ይከተላችኋል፤ ግን የቀድሞውም አዲሱም ሲኤስቢ ማወቅ አለባቸው።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ብንገባ ወረፋችን ይያዝልናል?

መልስ፦ አይያዝም። እያንዳንዱ ክልል የራሱ ዝርዝር ስላለው ሜሪላንድ ላይ እንደ አዲስ ይጀምራሉ። ሜሪላንድም ችግሩን በ3 ደረጃ ያያል። ዳላስ ላሉ ዘመዶቻችሁ ግን የቴክሳስ ዝርዝር በዋናነት የምዝገባ ቀን ይከተላል፤ ለመመዝገብም ምርመራ አይጠየቅምና ልጁ ችግሩ እንደታወቀ ዛሬ ነገ ሳይሉ ያስመዝግቡት፤ ከአንድ በላይ ፕሮግራም ላይም መመዝገብ ይቻላል።

ጥያቄ (እናት፣ ውድብሪጅ)፦ ሁለታችንም እንሠራለን፤ ሜዲኬይድ በገቢ ምክንያት ተከልክለናል። እስከዚያው ባዶ እጃችንን እንቀመጥ?

መልስ፦ ለዌቨር ሲታይ የሚቆጠረው የልጁ ገቢ እንጂ የወላጅ ገቢ አይደለም። ሲሲሲ ፕላስ የሚባል ሌላ ዌቨር ደግሞ አለ፤ ወረፋ የለውም። ለግል እንክብካቤ ሰጪ ይከፍላል፤ ተንከባካቢውን ለማሳረፍ በዓመት እስከ 480 ሰዓት ይፈቅዳል። ለልጆች የሚያጣራው የካውንቲው የማኅበራዊ አገልግሎትና የጤና ቢሮ ቡድን ነው። ብዙዎች የሚወድቁት ኦቲዝም የሚለውን ብቻ ይዘው ሲሄዱ ነው፤ በመመገብ፣ በመታጠብና በመሳሰሉት እርዳታ ከማስፈለጉ በተጨማሪ የሕክምና ክትትል ማስፈለጉ መታየት አለበት። የሚጥል በሽታ፣ በቱቦ መመገብ፣ የመተንፈስ ችግር ካለ ማስረጃው ይቅረብ። በእሱ እየተጠቀሙም የዋናውን ዌቨር ወረፋ መጠበቅ ይቻላል። ልጁ 3 ዓመት ካልሞላው ደግሞ የሕፃናት ቅድመ ድጋፍ ወረፋ የለበትም፤ ከተጠቆመበት ቀን አንሥቶ በ45 ቀን ውስጥ ዕቅዱ መውጣት እንዳለበት የፌዴራል ሕግ ያዛል።

ለምን ወረፋ ኖረ ለምትሉ፦ ዌቨርን የፈጠረው የ1981 ሕግ ክልሎች የተጠቃሚውን ቁጥር እንዲወስኑ ፈቅዷል። ቁጥሩ የሚጨምረው በጀት ሲጨመር ነው።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ትልቋ ልጄ ብታስተረጉምስ?

መልስ፦ አይመከርም፤ ስለ ወንድሟ መጸዳጃ ቤት በእናቷ ፊት ማስተርጎም ይከብዳታል፤ ብዙውን ትዘላለች። የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ የቢሮው ግዴታ ነው። ቀጠሮው ሲያዝ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ቦታ ተገኘ ተባልን፤ እኛ ግን ለክረምት አዲስ አበባ ለመሄድ ትኬት ቆርጠናል።

መልስ፦ አገልግሎቱ በ30 ቀን ውስጥ መጀመር አለበት። ከመሄዳችሁ በፊት ለሰፖርት ኮርዲኔተሩ (የልጁን አገልግሎት ለሚያስተባብረው ሠራተኛ) ንገሩ፤ ቦታው እንዲቆይላችሁ ጥያቄ የሚያስገባው እሱ ነው። ማስገባቱን በጽሑፍ እንዲያረጋግጥላችሁ ጠይቁ፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ ከቦሌ መደወል ብዙ አይረዳም።