ኦልድ ፋሽንድ በቤት ውስጥ፦ ከጣርማ በር በላይና በታች

ወንድሜ፣ የጠየቅከው ብዙ ሰው የሚቸገርበትን ነገር ስለሆነ በሰፊው ልመልስልህ። ለሌሎች አባላት እንዲገባ መጀመሪያ ጥያቄህን ባጭሩ ልድገመው። አንተ ደብረ ብርሃን፣ እህትህ ሸዋ ሮቢት ትኖራላችሁ። ከውጭ የመጣላችሁን ቡርቦን የተባለ የአሜሪካ ውስኪ ተካፍላችሁ ሁለታችሁም በአንድ መመሪያ ኦልድ ፋሽንድ የሚባለውን የውስኪ ኮክቴል ሠራችሁ። ያንተው ጉሮሮ የሚፍቅ ሆነ፤ የእሷ ውሃ ውሃ አለ። ቢተርስ የሚባለውን፣ በጠብታ የሚጨመረውን መራራ የቅመም ዝፍዝፍ በከተማው ፈልገህ አጣህ። ለገና እንግዳ ስለምትጠራ እስከዚያ መፍትሔውን ማወቅ ትፈልጋለህ።

በሆቴል ባር ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ በቆላም በደጋም ቀድቻለሁ። ውስኪያችሁ ደኅና ነው፣ እጃችሁም ደኅና ነው። የሁለታችሁን መጠጥ የለያየው መመሪያው ሳይጽፈው ያለፈው ውሃ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1806 በኒው ዮርክ ግዛት፣ ሀድሰን በተባለች ከተማ ይታተም የነበረ ጋዜጣ ኮክቴል ምን እንደሆነ ለጠየቀ አንባቢ ሲመልስ አራት ነገር ቆጥሮለት ነበር፦ ማንኛውም ጠንካራ መጠጥ፣ ስኳር፣ ውሃና መራራ ቅመም። የዛሬው ኦልድ ፋሽንድ ከዚህ ብዙ አልራቀም። ውሃ ከመጀመሪያው ጀምሮ በስሙ የተጠራ ግብዓት ነበር። በኋላ በረዶ በየቤቱ ሲገባ ውሃውን የማቅረብ ሥራ ለበረዶው ተተወና በመመሪያዎች ላይ «ጥቂት ጠብታ» ተብሎ ቀረ። ይህ የሚሠራው ግን የሁሉም ሰው ክፍል እኩል ሲሞቅ ብቻ ነው።

ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ጓዳ ውስጥ ያደረ ጠርሙስ ሲነኩት እጅ ያቀዘቅዛል። ሸዋ ሮቢት ደግሞ ጣርማ በርን አልፈህ፣ ዋሻውን ተሻግረህ፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርደህ የምታገኛት፣ ከፍታዋ ወደ 1,300 ሜትር የሚጠጋ ቆላ ናት። በረዶ መጠጥን የሚያቀዘቅዘው በአብዛኛው እየቀለጠ ነው። በግምት ሲሰላ 60 ሚሊ ሊትር ውስኪን ከ12 ዲግሪ ወደ ዜሮ ለማውረድ 9 ግራም ያህል በረዶ መቅለጥ አለበት። መነሻው 28 ዲግሪ ከሆነ ግን 20 ግራም ያህል ይቀልጣል። አንተ ጋ የገባው ውሃ እህትህ ጋ ከገባው ከግማሽ ያነሰ ነው ማለት ነው፤ የእሷ በረዶ ደግሞ ብርጭቆው ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ በኋላም መቅለጡን አላቆመም።

በእኔ ምላስ ጥሩ ኦልድ ፋሽንድ የውስኪውን ሩብ ያህል ውሃ ይፈልጋል፤ ለ60 ሚሊ ሊትር 15 ሚሊ ሊትር ገደማ። ስለዚህ አንተ በብርድ ወራት ከማማሰልህ በፊት አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል ንጹሕ ውሃ ጨምርበት። ውስኪ ላይ ውሃ መጨመር ብዙ ሰው ንፍገት ይመስለዋል፤ እንግዳም ሲያይህ ቅር ሊለው ይችላል። ቅመሰውና ፍረድ። የአልኮሉ ኃይል ሲለዝብ ከበርሜሉ የመጣው ጣዕም ጎልቶ ይወጣል። እህትህ በበኩሏ ውስኪውንና ብርጭቆውን አስቀድማ ፍሪጅ ውስጥ ታስቀምጥ፣ ውሃ አትጨምር፣ በረዶዋም ትልቅ ይሁን።

ስለ በረዶው ይህን ልጨምር። በትንንሹ የተሰባበረ በረዶ ብዙ ገጽታ ስላለው ቶሎ ይቀልጣል። በፕላስቲክ የእርጎ ኩባያ ውሃ ሞልተህ ብታስቀምጥ ለአንድ ብርጭቆ የሚበቃ አንድ ትልቅ በረዶ ይወጣልሃል። ኩባያውን ክደነው፤ ፍሪጅ ውስጥ ሥጋና ቅቤ ካለ በረዶው ሽታውን ይስባል፣ ያም ሽታ ብርጭቆው ውስጥ ይመጣል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ከሁለት ቀን በፊት ጀምር።

አሁን ወደ ልኩ። 60 ሚሊ ሊትር ቡርቦን፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል የማይሞላ የስኳር ሽሮፕ፣ ሁለት ፍንጣቂ (ጠርሙሱ አንዴ ሲወዘወዝ ጠብ የሚለው ያህል) ቢተርስ። ዓለም አቀፉ የባርቴንደሮች ማኅበር በመመሪያው 45 ሚሊ ሊትር ውስኪ ይላል፤ ብርጭቆህ ትንሽ ከሆነ ወይም እንግዳህ ጠንካራ መጠጥ ካልለመደ በዚያ ሂድ፣ ሌላውንም አብረህ ቀንስ። የአረቄ መለኪያ አትጠቀም፤ ከቤት ቤት መጠኗ ይለያያል። ከልጆች የሳል ሽሮፕ ጋር የምትመጣው ምልክት ያላት የፕላስቲክ ኩባያ ታጥባ ከማንኛውም የባር ዕቃ አታንስም።

ስኳሩን ደረቁን አትጨምር። የእኛ ስኳር ፍሬው ትልቅ ነው፤ በአልኮል ውስጥ ደግሞ ስኳር በደንብ አይሟሟም። መጨረሻ ላይ ከብርጭቆው ሥር ተኝቶ የሚገኘው እሱ ነው። እኩል ስኳርና እኩል ሙቅ ውሃ አማስለህ አቀዝቅዘው፤ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንታት ይቆያል። ሁሉንም ብርጭቆው ውስጥ በትልቁ በረዶ ላይ አድርገህ በረጅም ማንኪያ ለግማሽ ደቂቃ ያህል በቀስታ አዙር። ሼከር (የመጠጥ መናጫ ዕቃ) አያስፈልግም፤ ይህ መጠጥ አይናጥም።

ስለ ውስኪው ምርጫ ብዙ አትጨነቅ። መንዝ ወይም እዚሁ ዙሪያ ያደገ ሰው ብቅል እንዴት እንደሚበቅል፣ አረቄ እንዴት እንደሚወጣ ስለሚያውቅ የውስኪን ግማሽ መንገድ ያውቀዋል። የስኮትላንዱ ብቅል ውስኪ ከገብስ ብቅል ነው፤ ቡርቦን ቢያንስ 51 በመቶ በቆሎ አለበት። ከአረቄ የሚለየው ትልቁ ነገር በርሜሉ ነው። ቡርቦን የሚቀመጠው ውስጡ በእሳት በከሰለ አዲስ የኦክ በርሜል ውስጥ ስለሆነ ቀለሙንና የቫኒላና የተቃጠለ ስኳር ጣዕሙን ከዚያ ያገኛል። በተፈጥሮው ወደ ጣፋጭነት ያደላል፤ ስለዚህ በቡርቦን ስትሠራ ስኳሩ ከላይ ከሰጠሁህ ልክ አይለፍ። ቡርቦኑ ሲያልቅብህ የተቀላቀለ የስኮች ውስኪም ይሆናል፣ መጠጡ ግን የጭስ ሽታ ይኖረዋል። እኔ ያንን እወደዋለሁ፤ ሁሉም ሰው ግን አይወደውም። ከሁሉ በላይ ማሸጊያው ያልተነካካ መሆኑን አይተህ ከምታምነው ሱቅ ግዛ።

ወደ ቢተርሱ እንምጣ፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። በዓለም ላይ በሰፊው የሚታወቀው አንጎስቱራ ነው። ዮሃን ሲገርት የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1824 በቬኔዝዌላ፣ ያኔ አንጎስቱራ በምትባለው በዛሬዋ ሲዩዳድ ቦሊቫር የሠራው ነው፤ አሁን የሚመረተው በትሪኒዳድ ነው። ወደ ውጭ የሚመላለስ ሰው ካለህ አንድ ትንሽ ጠርሙስ አስመጣ፤ በፍንጣቂ ስለሚለካ ለረጅም ጊዜ ይበቃሃል። ያለ እሱ ግን መጠጡ ጣፋጭ ውስኪ ብቻ ነው፤ ጌሾ የሌለው ጠላ ማለት ነው።

ጌሾን ያነሣሁት ደግሞ በምክንያት ነው። ምሬት በእኛ ቤት አልጠፋም። 200 ሚሊ ሊትር ቮድካ በሚከደን የብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አድርግ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተከተፈ የጌሾ እንጨት፣ ነጩ ክፍል የተወገደለት የአንድ ብርቱካን የደረቀ ልጣጭ፣ አራት ፍሬ ቅርንፉድ፣ የጣት አንጓ የምታህል ቀረፋና የሁለት ኮረሪማ ፍሬ በትንሹ ወቅጠህ ጨምርበት። በጨለማ ቦታ አስቀምጠህ በየቀኑ ነቅነቅ አድርገው። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ አንድ ጠብታ በውሃ አቅጥነህ ቅመስ፤ ምሬቱ ምላስ ላይ መቆየት ሲጀምር አጥልለው፣ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ድገመው። ቅርንፉዱ ጉልበተኛ ስለሆነ ከአራት አትለፍ። በቮድካ ፋንታ ዳግም አረቄ እንጠቀም የሚሉ አሉ። እኔ አልመክርም፤ አረቄው የራሱ ብርቱ ሽታ ስላለው ቅመሙን ይሸፍነዋል፣ የአልኮሉ መጠንም ከአውጪ አውጪ ይለያያል። የሚወጣው አንጎስቱራን አይተካም፤ አንጎስቱራ ጄንሺያን የተባለ መራራ ሥር አለበት፣ ጣዕሙ ሌላ ነው። የኮረሪማው መዓዛ ከቡርቦን ጋር ሲገናኝ ግን በጣም ደስ የሚል ነገር ይወጣል፤ አንጎስቱራ ያላቸው ሰዎች ሳይቀሩ ደግመው ሲጠይቁኝ አይቻለሁ። ይህኛው ከአንጎስቱራ ስለሚለዝብ በሁለት ፍንጣቂ ፋንታ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አድርግ።

የብርቱካን ልጣጩን አትዝለለው። የሚፈለገው ዘይቱ እንጂ ጭማቂው አይደለም። የገበያችን ብርቱካን ቆዳው አረንጓዴ ቢሆንም ችግር የለውም፤ ወዙ ያልደረቀና ጠንካራ መሆኑን ብቻ እይ። በሙቅ ውሃ እጠበው፤ ሁለት ጣት ስፋት ያለው ልጣጭ ያለ ነጩ ክፍል አውጣና በብርጭቆው አፍ ላይ ቆዳው ወደ መጠጡ ዞሮ እጠፈው። ዘይቱ ሲረጭ በብርሃን ይታያል። ብርቱካኑን ቆራርጦ ከስኳር ጋር መውቀጥ የሚወዱ አሉ፤ መጠጡን ያደፈርሰዋል፣ ነጩም ክፍል ያልተፈለገ ምሬት ያመጣል።

ሎሚ ለሚወዱ እንግዶች ውስኪ ሳወር (ውስኪ፣ ሎሚና ስኳር ተቀላቅሎ የሚሠራ መጠጥ) መሥራት ትችላለህ። የእኛ ትንሿ ሎሚ በውጭ መመሪያዎች ላይ ከሚታሰበው ቢጫ ሎሚ ትኮመጥጣለች፤ መመሪያው 25 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ የሚል ከሆነ በ20 ጀምር። የእንቁላል ነጭ የሚጨመርበት አሠራር ለጾም ቀን አይሆንም፤ ያለ እንቁላልም ጥሩ ነው። ለብርዱ ደግሞ 45 ሚሊ ሊትር ውስኪ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ሎሚና 120 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ ከቅርንፉድ ጋር። ደስ ይላል፤ ጉንፋን ግን አያድንም። አልኮል የቆዳን ደም ሥር ስለሚያሰፋ ሙቀት ይሰማሃል እንጂ ሰውነት ሙቀቱን እያጣ ነው፤ ሌሊት ወደ ውጭ የሚወጣ ሰው ጋቢውን እንዳይረሳ።

60 ሚሊ ሊትር ባለ 40 በመቶ ውስኪ 24 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለበት። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ባለ 5 በመቶ ቢራ 16 ሚሊ ሊትር ተኩል ነው። አንድ ኦልድ ፋሽንድ ወደ አንድ ተኩል ቢራ ይጠጋል፤ ጣፋጭ ስለሆነ ግን አይታወቅም። በጣርማ በር ጉም ቁልቁል የሚነዳ እንግዳ ካለህ ቤትህ ይደር ወይም ቡና አፍላለት። ይህን ስል ከልቤ ነው።

ለብዙ እንግዳ አንድ በአንድ ስትቀላቅል ጨዋታው ያመልጥሃል፤ ልኩም ይዛባል። ለስምንት ሰው 480 ሚሊ ሊትር ቡርቦን፣ 55 ሚሊ ሊትር ሽሮፕ፣ ዐሥራ ስድስት ፍንጣቂ ቢተርስ ወይም አራት የሻይ ማንኪያ የጌሾውን፣ 120 ሚሊ ሊትር ውሃ። ሁሉም በታጠበ ባለ 750 ሚሊ ሊትር የወይን ጠጅ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። ከዋዜማው ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጠው። ውሃው ተለክቶ ስለገባ የክፍሉ ሙቀት ብዙም አያሳስብህም። እህትህ በረዶዋ ብርጭቆ ውስጥ ስለሚቀልጥ ውሃውን ወደ 90 ሚሊ ሊትር ታውርደው። በባህላችን አሳላፊ ሳይቀምስ አይሰጥምና ለአባቶች ከማቅረብህ በፊት ከጠርሙሱ አንድ ማንኪያ ቅመስ፤ ያኔ ስኳር ወይም ቢተርስ ማስተካከል ይቻላል። ልጣጩን ግን አስቀድመህ አታዘጋጅ፤ ዘይቱ ይደርቃል፣ በየብርጭቆው እዚያው ላጥ። የቡርቦንህን ጠርሙስ ምልክትም እየው፤ 40 ሳይሆን 45 በመቶ የሚል ከሆነ ውሃውን ወደ 160 ሚሊ ሊትር ከፍ አድርገው።