«ራስህ ፍታና ውሰድ» ለተባለ ሰው

ጥያቄው የመጣው ከአዳማ ነው። ጠያቂው የ2004 ሞዴል ኮሮላ አለው። ቁልፍ ሲያዞር ሞተሪኖው፣ ማለትም ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ ሞተር፣ «ትክ» ብሎ ዝም ይላል። የቀኝ የፊት መብራቱ ተሰብሯል። የሾፌር በር መስታወትም ወርዶ ቀርቷል፤ ማንሻ ሞተሩ ተቃጥሏል ብለውታል። ከተማው ዳር አንድ ግቢ ውስጥ ከኋላ የተመታ ተመሳሳይ ኮሮላ እየተበታተነ ይሸጣል። ባለቤቱ «ሠራተኛ የለኝም፣ ራስህ ፍታና ውሰድ» አለው። «ጎማ ከመቀየር ያለፈ ነገር ፈትቼ አላውቅም፤ ምን ይዤ ልሂድ?» ይላል።

ወንድሜ፣ መፍቻው ትንሹ ጉዳይ ነው። ብትረሳው እንኳ በአቅራቢያው ካለ ጋራዥ ለምነህ ትዋሳለህ። አንተ ከሁሉ በፊት መያዝ ያለብህ መፈተሻ ነው። ከሱቅ የገዛኸው ዕቃ ካልሠራ ተመልሰህ ትጨቃጨቃለህ። ከዚያ ግቢ ግን አንዴ ከወጣህ ዕቃው ያንተ ነው፣ ሠራም አልሠራም።

ግን ቆይ፣ ሞተሪኖህ ሞቷል ያለህ ማን ነው? «ትክ» ማለቱ ብቻውን አያስጥለውም። ዛሬ ማታ ደህናውን መብራት አብራና ቁልፉን አዙር። መብራቱ ክፉኛ ከደበዘዘ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባትሪው ነው፤ ወይ ደክሟል፣ ወይ የገመዶቹ ማሰሪያ ነጭ ዱቄት አብቅሏል። መብራቱ እንዳለ ሆኖ «ትክ» ብቻ ካለ፣ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የኔጌቲቭ ገመድ አጥራና አጥብቅ። እሱም ካልፈታው የሞተሪኖው የውስጥ ኮንታክት ተበልቶ ይሆናል። ውስጡ የመዳብ ኮንታክቶች አሉ። መኪናው በተነሳ ቁጥር ብልጭታው ትንሽ ትንሽ ይበላቸዋል። ደህና የመኪና ኤሌክትሪሺያን እነሱን ብቻ ይቀይርልሃል። እኔ ብሆን ይህን ነበር የማስቀድመው። ምክንያቱም ግቢው ውስጥ ያለው ኮሮላ የአንተው እኩያ ነው፤ የእሱም ኮንታክት እኩል ተበልቶ ሊሆን ይችላል።

ይህን ሁሉ አይተህ አሁንም መግዛት ካለብህ አሮጌውን አስፈታና ይዘኸው ሂድ። ፎቶ አይበቃም። «ኮሮላ ያው ኮሮላ ነው» የሚልህን አትስማ። በአንድ ዓመት የወጡ ሁለት ኮሮላዎች ሞተራቸው ሊለያይ ይችላል። አንዱ አውቶማቲክ፣ ሌላው ማንዋል ሊሆን ይችላል። ሞተሪኖውም አብሮ ሊለያይ ይችላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጥ። የጥርሱን ብዛት ቁጠር፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹን ርቀት አስተያይ፣ ሶኬቱን እይ። ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ካልጠፋ ቮልቱንና ኪሎዋቱን ይነግርሃል። የቶዮታ የመለዋወጫ ቁጥር ለሞተሪኖ በ28100 ይጀምራል። ከሰረዙ በኋላ ያሉት ቁጥሮችም አንድ ከሆኑ ጨርሰሃል።

አሁን ወደ መፈተሻው። መኪናህ ስለቆመ መቼም በባጃጅ ነው የምትሄደው። የራስህን ባትሪ ንቀልና ጫነው። ስትነቅል ኔጌቲቩን አስቀድም። ደክሞ ከሆነ ማታውኑ ቻርጅ ይደረግ። ወፍራም የባትሪ ማስነሻ ገመድ ያዝ፤ ቀጭን ሽቦ ለሞተሪኖ አይሆንም፣ ግሎ እጅህን ያቃጥልሃል። አንድ ክንድ የሚሆን ቀጭን ሽቦም ጨምር። ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ያለው ጓደኛ ካለህ ተዋስ።

ሞተሪኖውን መሬት ላይ አስተኛና በእግርህ አጥብቀህ ርገጠው። ሲነሳ ይዘላል፣ ቀልድ አይደለም። የኔጌቲቭ ገመዱን ገላው ላይ፣ የፖዘቲቩን ደግሞ ወፍራም ገመድ በሚታሰርበት ቡሎን ላይ አያይዝ። ከዚያ በቀጭኑ ሽቦ ከፖዘቲቩ ወደ ትንሿ ሶኬት ንካ አድርግ። ጥርሱ ወደፊት መውጣት፣ መሽከርከርም አለበት። አንዴ ስለዞረ አትደሰት። ደጋግመህ ንካው። ከብዙው አንዴ እንኳ «ትክ» ብሎ ከቀረ ኮንታክቱ እያለቀ ነው። ሻጩ «አሁን እኮ ዞሯል» ይልሃል። ተወው፣ ወይ ዋጋውን በዚያው ልክ አውርድ።

የመስታወቱ ሞተር ቀላል ነው። ሁለት ሽቦ ብቻ ካለው ከባትሪው ጋር ስታገናኘው ወደ አንድ ጎን ይዞራል፤ ሽቦዎቹን ስታቀያይር ወደ ሌላው። በሁለቱም በኩል ሳያቃስት መዞር አለበት። የሾፌር በር ሞተር አንዳንዱ ከሁለት በላይ ሽቦ አለው። እሱን በግምት አትነካካ፤ በራሱ በር ላይ እንዳለ፣ በራሱ ማብሪያ ነው የሚፈተሸው። የግራና የቀኝ በር ሞተር እንደሚለያይም አትርሳ።

የመብራቱ ነገር ከሞተሪኖው ይበልጥ ያሳስበኛል። እኛ በቀኝ ነው የምንነዳው። የአጭር መብራት ብርሃን ግድግዳ ላይ ስታየው ወደ ቀኝ ጫፉ ከፍ ማለት አለበት፤ የመንገዱን ዳር የሚያሳይህ እሱ ነው። በግራ ለሚነዳ አገር የተሠራ መኪና መብራት ግን በተቃራኒው በግራ በኩል ከፍ ይላል። እሱን ከገጠምክ ማታ በሞጆ መንገድ ከፊትህ የሚመጣውን ሁሉ ዓይኑን ታጠፋዋለህ። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዞሩ መኪኖች ደግሞ አሉ። ስለዚህ ያ ኮሮላ መጀመሪያ መሪው በየት በኩል እንደነበር እይ። መጥረጊያዎቹ የሚተኙበት አቅጣጫ ይጠቁምሃል፤ ከአንተ መኪና ጋር አስተያየው። ካላመንክ መብራቱን ከባትሪህ አገናኝና ግድግዳ ላይ አብራው። የሚታሰርባቸው የፕላስቲክ ጆሮዎች አለመሰበራቸውንም በጣትህ ዳስስ። በሙጫ የተጣበቀ ጆሮ ከሩቅ ደህና ይመስላል።

መፍቻ አልከኝ። ለቶዮታ 8፣ 10፣ 12፣ 14 እና 17 ቁጥር ከያዝክ የምትፈልጋቸው ሦስቱም ይወጣሉ። መብራቱ በ10 ይፈታል፤ ግን የፓራውልቱን ጫፍ ካላላላህ አልወጣም ይልሃል፣ በጉልበት አትጎትተው። ሞተሪኖው የሚታሰረው በሁለት ባለ 14 ቡሎኖች ነው። ለእነሱ ቡሶላ መፍቻ፣ ቡሎኑ አናት ላይ የሚለበሰው ዓይነት፣ ከነማስረዘሚያው ያስፈልግሃል። ቡሶላው ባለ ስድስት ማዕዘን ይሁን። ባለ አሥራ ሁለቱ የዛገ ቡሎን ጭንቅላት ያሟልጫል። ካቻቢቴ ጠፍጣፋና መስቀለኛ፣ ፒንሳ፣ መዶሻ፣ ለጉልበት የሚሆን የብረት ቱቦ። ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት በሲባጎ አስረህ ያዝ፤ ሞተር ውስጥ የወደቀ ዳዶ በእጅ ሲፈለግ ቀኑ ይመሻል። ካርቶን ለመተኛ፣ ፌስታል ለቡሎን፣ ጓንት። የዓይን መነጽር ደግሞ አትናቅ። የአዳማን ንፋስ እኔ አልነግርህም፣ መኪና ስር ተኝተህ የዛገ አቧራ ዓይንህ ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ነገር ነው። ጠዋት ሂድ። ቀን ላይ ፀሐይ የዋለበት ብረት አያስነካም። ሁለት ሃይላንድ ውሃም አይበዛም።

ቡሎን እምቢ ሲል አትታገለው። ደብሊው ዲ 40 ካለህ ርጨው፣ ከሌለህ ናፍጣ በላምባ ቀላቅለህ አጠጣው። ከዚያ ሌላውን ሥራ እየሠራህ ቆይ። ስትመለስ ጭንቅላቱን በመዶሻ መታ መታ አድርግና መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው ግፋው። ዝገቱ ሲሰነጠቅ «ጧ» ይላል። ያኔ አላላው። የፕላስቲክ መቆለፊያዎቹን ስትነቅል ግን ተጠንቀቅ፤ ዓመታት ፀሐይ የበላው ፕላስቲክ እንደ ገል ይሰበራል። ትርፍ መቆለፊያና ቡሎን እዚያው ለምን፣ ብዙ ጊዜ በነፃ ይሰጡሃል። ሶኬት ስትወስድ ሽቦውን ከሥሩ አትቁረጥ። አንድ ስንዝር አስተርፈህ ቁረጥ፣ ኋላ ለመቀጠል። እያንዳንዱን ነገር ከመፍታትህ በፊት በስልክህ ፎቶ አንሳ።

አሁን በደንብ ስማኝ። መኪናው የተመታው ከኋላ ነው፤ የነዳጅ ጋኑም ያለው ኋላ ነው። ገና ስትደርስ አሽትት። የቤንዚን ሽታ ካለ ባትሪህን ወደዚያ መኪና አታስጠጋ። ዕቃውን ፈትተህ ራቅ ወዳለ ቦታ ወስደህ ፈትሸው፤ ሞተሪኖ ስትነካ ብልጭታ አለ። በክሪክ ወይም በተደራረበ ድንጋይ ብቻ የቆመ መኪና ስር አትግባ። ጎማው የወለቀ ከሆነ ቸርኬ ወይም ጠንካራ ግንድ ከስሩ ይግባ። የራሱ ባትሪ ካለ ንቀለው። ቢጫ ሽቦ ካየህ የኤርባግ ነው፣ እጅህን ሰብስብ።

እግረ መንገድህን «ፍሬን ሸራም አለ፣ ቀበቶም አለ» ይሉሃል። እነዚህን አዲስ ግዛ። የመቀመጫ ቀበቶ አንድ አደጋ ላይ ከሠራ በኋላ ጥንካሬው አይታመንም።

ዋጋን በተመለከተ፣ ከመፍታትህ በፊት ተነጋገርና ቁረጥ። ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት አልበህ ከፈታህ በኋላ ባዶ እጅህን እንደማትመለስ ሻጩም ያውቃል። «እፈታለሁ፣ እዚሁ እፈትሻለሁ፣ ካልሠራ አልወስድም» በለው። እምቢ ካለ ስለ ዕቃው የሚያውቀው ነገር አለ። አዲስ አበባ፣ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ድረስ ትሄዳለህ እንጂ በዚያ ዋጋ አትገዛም።

ስትከፍልም ወረቀት ያዝ። የተጻፈ ደረሰኝ ወይም አጭር የሽያጭ ውል ይሁን። የሻጩ ስም፣ የዕቃው ዝርዝር፣ የመኪናው ሰሌዳና የሻንሲ ቁጥር ይጻፍበት። የሻንሲ ቁጥሩን ሻጩ ሲነግርህ አትጻፍ፤ መኪናው ላይ ራስህ አንብበህ ጻፍ። መብራትና ስፖኪዮ በሚሰረቅበት ከተማ ከየት እንዳመጣኸው የሚጠይቅህ አይጠፋም።