«ወድቄ ነው የተሰበርኩት»፦ ስለ አጥንት መሳሳት ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እናቴ 64 ዓመቷ ነው። ነሐሴ ላይ ግቢ ውስጥ ጭቃ አዳልጧት ስትወድቅ በእጇ ተደግፋ አንጓዋ ተሰበረ። ራጅ ተነሳች፣ ጀሶ ታሰረላት፤ ከ6 ሳምንት በኋላ ሲፈታ «ደህና ገጥሟል» ተብለን ተሰናበትን። ጎረቤታችን «አጥንቷ ሳስቶ ነው» ትላለች። እናቴ ደግሞ «ወድቄ ነው የተሰበርኩት፤ ወድቆ የማይሰበር አለ እንዴ?» ባይ ናት። ማን ነው ልክ? (ከሽምብጥ)

መልስ፦ ለጎረቤትሽ እናደላለን። ከ50 ዓመት በኋላ ሰው ከቆመበት ወድቆ አጥንቱ ከተሰበረ፣ ጥርጣሬው መጀመሪያ የሚያርፈው አጥንቱ ላይ ነው። ጭቃው ጣላት፤ የሰበራት ጭቃው ብቻ ነው ወይ የሚለው ግን ገና አልተጠየቀም። እዚህ ላይ ታካሚውም ሐኪሙም እኩል ይስታሉ። ታካሚዋ ምክንያቱን አግኝታዋለች፣ አዳልጧት ነው። የአጥንት ሐኪሙ ሥራ አጥንቱ ሲገጥም ያልቃል። ግፊቷንና ስኳሯን የሚከታተለው ሐኪም ደግሞ «አጥንቱን እነሱ አይተውታል» ብሎ ያልፋል። በዚህ መሀል የአጥንት መሳሳቱ ባለቤት ያጣል። አንዴ በዚህ ዓይነት የተሰበረ ሰው እንደገና የመሰበር ዕድሉ ደግሞ ካልተሰበረው ጋር ሲነጻጸር በእጥፍ ገደማ ይጨምራል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት።

ስለዚህ የራጅ ፊልሙን አትጣሉት፤ ይዛችሁት የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሐኪሙ ባይጠይቅ እንኳ እነዚህን ንገሩት፦ የወር አበባዋ በስንት ዓመቷ እንደቆመ (ከ45 በፊት ከሆነ ትልቅ ነገር ነው)፣ እናቷ ወይም አባቷ ዳሌያቸው ተሰብሮ ያውቅ እንደሆነ፣ ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ብላ ፕሬድኒሶሎን ለ3 ወርና ከዚያ በላይ ወስዳ እንደሆነ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ትወስድ እንደሆነ። ፕሬድኒሶሎኑን አሁንም እየዋጠች ከሆነ በራሳችሁ በድንገት እንዳታቆሙት፤ እሱም ራሱን የቻለ አደጋ አለው። የደም ምርመራው ብዙ ወጪ የለውም፦ ካልሲየም፣ ኩላሊት፣ የእንቅርት ሆርሞን፣ የደም ቆጠራና ኢ ኤስ አር (በሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚጠቁም ምርመራ)። አጥንት የሚያሳሳ ሌላ በሽታ፣ አልፎ አልፎም የደም ካንሰር፣ ከጀርባ ተደብቆ ሊሆን ስለሚችል ነው።

የአጥንት ጥግግት የሚለካው ዴክሳ በሚባል መሣሪያ ነው። ቲ ስኮር የሚለው፣ አጥንቷን ከጤነኛ ወጣት አጥንት ጋር የሚያወዳድረው ቁጥር ከ −1 በላይ ከሆነ ደህና፣ ከ −2.5 ጀምሮ ወደ ታች ከሆነ የአጥንት መሳሳት ነው፤ ይህን ወሰን የዓለም ጤና ድርጅት በ1994 እ.ኤ.አ. ነው ያስቀመጠው። መሣሪያው በየቦታው አይገኝም፤ ያ ግን እጅ አጣጥፎ ለመቀመጥ ምክንያት አይሆንም። ዳሌ ወይም አከርካሪ በቀላል ውድቀት ከተሰበረ ሐኪሙ ያለ ዴክሳ ሕክምና ሊጀምር ይችላል። እንደ እናትሽ አንጓ ከሆነ ዕድሜዋን፣ ክብደቷንና መድኃኒቶቿን አብሮ ይመዝናል።

ቤት ውስጥ ቁመቷን ለኩ። ጫማዋን አውልቃ ተረከዟንና ጀርባዋን ከበር መቃን ታስጠጋ፤ ጭንቅላቷ ላይ ደረቅ ልባስ ያለው መጽሐፍ አግድማችሁ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። በወጣትነቷ ከነበራት 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ካጠረች፣ ወይም ከዓመት ዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ከቀነሰች፣ አከርካሪዋ ሳይታወቅ ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል የጀርባ ራጅ ያስፈልጋታል። ከቤት እስከ መጸዳጃ ያለውን መንገድ ጠጠር አልብሱት፣ ሌሊት መብራት ይኑረው፤ ያለቀ ሸበጥም በክረምት ከግቢ ይውጣ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ጎንበስ ብላ አታንሳው።

ጥያቄ፦ 52 ዓመቴ ነው፣ አጽዋማቱን ሁሉ እጾማለሁ። ወተት በማይጠጣበት ጊዜ አጥንቴን በምን ልጠብቅ? የጣና ዓሣና የአጥንት መረቅ ይረዳሉ ሲባል እሰማለሁ። (ከዘጌ)

መልስ፦ ከመረቁ እንጀምር፤ አጥንት ለአጥንት ይሆናል የሚለው እምነት ጠንካራ ነውና። አጥንት ሲቀቀል ካልሲየሙ በቀላሉ ወደ ውኃው አይወጣም፤ በአንድ ሳህን መረቅ ውስጥ የሚገኘው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ዓሣም እንደዚሁ፦ ካልሲየሙ ያለው እሾሁ ውስጥ ነው። የቆሮሶ ጥብስ ጥሩ ፕሮቲን ነው፤ እሾሁ ተለቅሞ ከተጣለ ግን ካልሲየሙም አብሮ ተጣለ። (ዓሣ በየትኛው ጾም ይበላል የሚለውን ለንስሐ አባትዎ እንተወዋለን።) በፍስኩም ቢሆን ቅቤ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል፤ አይብ ሲነጠርም ጥሩ ድርሻው ከአጓቱ ጋር ይሄዳል፤ አጓቱን አይድፉት።

በእርስዎ ዕድሜ ላለች ሴት በቀን 1200 ሚሊግራም ካልሲየም ያስፈልጋል። አንድ ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ (250 ሚሊ ሊትር) 300 ያህል ይሰጣል። በጾም 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 180 ገደማ አለው፤ በደንብ የቦካ ሊጥ ደግሞ ካልሲየሙን የሚይዘውን ፋይቴት ይቀንሰዋል። ያልተፈተገ ሰሊጥ በአንድ የሾርባ ማንኪያ 90 ያህል ይይዛል፤ ሁሉም ግን ወደ ደም አይገባም። ከቅጠል ጎመንን ያስቀድሙ፤ ቆስጣ ውስጥ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን ስለሚያስረው ብዙም አይጠቅምም። ይህም ሁሉ ተደምሮ 1200 ላይደርስ ይችላል። የጎደለውን በኪኒን ለመሙላት ሐኪም ያማክሩ፤ ካልሲየም ካርቦኔት ከምግብ ጋር፣ በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊግራም ሳይበልጥ ነው የሚዋጠው።

ፀሐይን በተመለከተ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ሰው ሁሉ የሚሞቀው የ1 ሰዓቷን የጠዋት ፀሐይ ነው፤ እሷ ደስ ትላለች እንጂ ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ጨረር ገና አልበረታባትም። ጥላዎ ከቁመትዎ ሲያጥር ነው ሰዓቱ። ክንድዎንና እግርዎን ገልጠው ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይቀመጡ፤ በነጠላ ተሸፍኖ መቀመጥ አይቆጠርም።

ጥያቄ፦ በጤና ጣቢያ የምሠራ ሐኪም ነኝ። ለአጥንት መሳሳት የሚሰጠው አሌንድሮኔት 70 ሚሊግራም በሳምንት አንድ ጊዜ የታዘዘላቸው እናቶች በወሩ ሲመለሱ አቁመውት አገኛለሁ። «ደረቴን አቃጠለኝ» ወይም «ምንም ለውጥ የለውም» ይላሉ። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ለመጀመሪያዎቹ «እንዴት ዋጡት?» ይበሏቸው። ብዙ ጊዜ መልሱ «ከቡናው ጋር፣ ከዚያ ጋደም አልኩ» ነው። መድኃኒቱ በባዶ ሆድም እንኳ ወደ ደም የሚገባው ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ቡና ሲጨመር እሱም ከግማሽ በላይ ይቀንሳል። ጉሮሮ ላይ ከተጣበቀ ደግሞ ያቆስላል። እንደተነሱ፣ ምንም ሳይቀምሱ፣ በሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ይዋጡት፤ ከዚያ 30 ደቂቃ ሳይተኙ፣ ሳይበሉ። ካልሲየሙ ለምሳ ይቆይ።

ቀኑን አብረው ይምረጡ። እስከ 9 ሰዓት የምትጾም እናት ረቡዕን ከሰጧት ወይ ጾሟን ትፈታለች ወይ ኪኒኑን ትተዋለች፤ የምትተወውም ኪኒኑን ነው። እሑድ ቅዳሴ የምትሄድ ከሆነ ቅዳሜ ይሻላል። በረመዳን ከሱሑር 30 ደቂቃ ቀደም ብሎ መነሳት ነው።

«ለውጥ የለውም» ለሚሉት ከመጀመሪያው ቀን ይነገራቸው፦ ኪኒኑ ሕመም አያስታግስም፣ እንደ ግፊት መድኃኒት ዝም ብሎ ነው የሚሠራው። ከማዘዝዎ በፊት ኩላሊቱን ይዩ (የማጣራት አቅሙ በደቂቃ ከ35 ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ አይሰጥም)፤ ካልሲየም ካነሰ ይስተካከል፤ የሚነቀል ጥርስ ካለ ይቅደም። መድኃኒቱ የሚያስከትለው የመንጋጋ ጉዳት አለ፣ ግን ብርቅ ነው። አዲስ የጭን ሕመም ካለ ፈጥነው እንዲመጡ ያስጠንቅቁ። ከ5 ዓመት በኋላ መቀጠሉ ያስፈልግ እንደሆነ እንደገና ይመዘናል።

ጥያቄ፦ በብርድ ጉልበቴና ወገቤ ይቆረጥመኛል። የአጥንት መሳሳት ይሆን? (ከባሕር ዳር፣ ሕዳር 11 ሰፈር)

መልስ፦ ቁርጥማቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመገጣጠሚያ ወይም ከጡንቻ ነው፤ የሳሳ አጥንት እስኪሰበር ድረስ አያምም። ዕቃ ሲያነሱ ወይም ሲያስሉ ጀርባዎን በድንገት ከያዘዎት፣ ሲቆሙ ብሶ ሲተኙ ካቀለለዎት ግን ወጌሻ ከማሸቱ በፊት ራጅ ይነሱ። ወድቆ መነሳት ያቃተው፣ አንድ እግሩ አጥሮ ጣቶቹ ወደ ውጭ የዞሩ ሰው ደግሞ ዳሌው ተሰብሮ ይሆናል፤ ባጃጅ ላይ አታስቀምጡት፣ በቃሬዛ ወይም በጣውላ አስተኝታችሁ ነው የሚወሰደው።