መልስ፦ የጁገል ስሞች ከየት መጡ?

ወንድሜ፣ ሐረር ጁገል፣ ማለትም በግንብ የታጠረው የድሮው ከተማ፣ ውስጥ ያለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ለምን «መኪና ግርግር» ተባለ፣ የግንቡ በሮችስ ለምን ሁለት ሁለት ስም አላቸው ብለህ ጠይቀሃል።

መኪና ግርግር ከተሽከርካሪ ጋር ምንም አያገናኘውም። መኪናው የስፌት መኪና ነው፣ «ግርግር» ደግሞ ድምፁ። ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ ስትወርድ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ግድግዳውን ተደግፈው በእግር የሚረገጠውን መኪናቸውን ያስጮሁታል። ከኋላቸው የጨርቅ ሱቆች ናቸው። ጨርቁን እዚያው ገዝተህ፣ እዚያው አሰፍተህ መውጣት ትችላለህ።

መጋላ ገበያ ነው። ስለዚህ ፈረስ መጋላ የፈረስ ገበያ ማለት ነው። ዛሬ ፈረሱን ባጃጅ ተክቶታል፣ ግርግሩ ግን ያው ነው። ጊድር መጋላ ደግሞ ትልቁ ገበያ። እዚያ ሥጋ ከገዛህ እጅህን ጠበቅ አድርግ፣ አሞራዎቹ አይምሩም!

በሮቹን በተመለከተ፣ ጥንታዊዎቹ 5 ናቸው። አንዱን በር ሐረሪው በራሱ ቋንቋ፣ አማርኛ ተናጋሪው በሌላ ስም ይጠራዋል፤ በኦሮምኛም ስም አላቸው። ለምሳሌ አስመዲን በሪ የምትለው ሸዋ በር ናት፤ በምዕራብ ስላለች ወደ ሸዋ የሚሄደው በዚያ ይወጣል። አርጎብ በሪ በምሥራቅ ያለችው ኤረር በር ናት። አንዷ ስም ጎረቤት ሕዝቦቹን አርጎባዎችን፣ ሌላዋ የኤረርን ሸለቆ ታነሳለች። በድሮ በሪ ደግሞ ቡዳ በር ነች።

ስትሄድ አቅጣጫ የምትጠይቀው ሽማግሌ ከሆነ የሐረሪውን ስም ጥራ። ፊቱ ሲፈካ ታያለህ።